የእንጨቱ ይሁዳና ጠራቢው

ጎቲክ ሲባል ለብዙዎቻችን ድቅን የሚለው ጫፉ ሰማይ የሚወጋ ካቴድራል ነው። በዚያ ሕንጻ ውስጥ ግን ምእመኑ ተንበርክኮ ዓይን ለዓይን የሚገጥመው ሌላ ነገር ነበር፤ ከእንጨትና ከድንጋይ የተቀረጸ ምስል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ልማዱ ሥዕል ነው፤ በምዕራቡ ግን በቅርጽ ፊት ይጸለያል። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ወንጌሉን «ያነበበው» በዚሁ ነው። እስቲ ዛሬ አንዱን ቅርጽና የሠራውን ሰው እናንሣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውዬው ቲልማን ሪመንሽናይደር ይባላል። በ1460 ገደማ ጀርመን ውስጥ ተወለደ። በ1483 ቩርትስቡርግ ከተማ ገብቶ በሠዓሊዎችና በቀራጮች ማኅበር ተመዘገበ፤ በ1485 የአንድ ወርቅ ሠሪ መበለት አግብቶ የራሱን የሥራ ቤት አቆመ። ጎቲክ በማለቂያው ዘመን ላይ ነበር፤ የልብሱ እጥፋት የጠለቀ፣ ፊቱ ያዘነ፣ አካሉ ቀጠን ያለ የሚሆንበት ስልት።

በ1501 የሮተንቡርግ ከተማ ምክር ቤት ለቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን የመሠዊያ ቅርጽ አዘዘው። ነገሩ የጌታ የመጨረሻ እራት ነው። ለምስሎቹ 50 ፍሎሪን ተዋዋለ፤ ምስሎቹ የሚቆሙበትን ሣጥን የሠራው አናጢም የተዋዋለው በዚያው በ50 ነው። ታዲያ የዛሬው ዝነኛ ቀራጭ ያን ጊዜ ከአናጢ እኩል የሚከፈለው የእጅ ሠራተኛ ነበር ማለት ነው።

በዘመኑ እንዲህ ያለ ቅርጽ አብዛኛውን ጊዜ በወርቅና በቀለም ይለበጥ ነበር። እሱ ግን ዓይንና ከንፈር ላይ ቀለም ነካ ከማድረግ በቀር የሊንደኑን እንጨት እንጨት አድርጎ ተወው። ከምስሎቹ ኋላ ትናንሽ የመስታወት መስኮቶች አሉ፤ ብርሃኑ በተለዋወጠ ቁጥር የፊቶቹም ጥላ ይለዋወጣል።

በማዕዱ መካከል የቆመው ማን ይመስላችኋል? ክርስቶስ እንዳትሉ። ይሁዳ ነው! የገንዘብ ከረጢቱን ጨብጦ ቆሟል፤ ክርስቶስ ከጎን ሆኖ ቁራሹን ይዘረጋለታል። ሊጸልይ የመጣ ሰው ቀና ሲል መጀመሪያ የሚያየው ከዳተኛውን ነው። ከዚያ ወዲያ «እኔስ ከማን ወገን ነኝ?» ሳይል እንዴት ይመለሳል?

ጥያቄው ከሃያ ዓመት በኋላ ዞሮ ወደ ጠራቢው መጣ። ሪመንሽናይደር ሀብታም ሆኗል፤ የምክር ቤት አባል ነው፤ በ1520 የከተማው ከንቲባ ሆኗል። የከተማው ጌታ ጳጳሱ ነው፤ የሁለት ሟች ጳጳሳትን የመቃብር ሐውልት የቀረጸውም እሱ ነው። በ1525 ግን የጀርመን ገበሬ ገባርነት ይቅር፣ አሥራት ይስተካከል፣ ጫካውና ወንዙ የጋራ ይሁን ብሎ ተነሣ። ጳጳሱ ሸሸ። ሪመንሽናይደር የነበረበት ምክር ቤት ከገበሬው ጋር ወገነ።

ገበሬው በጁን ወር ተደመሰሰ። ጳጳሱ ተመልሶ ብዙዎችን በሰይፍ አስቀጣ። ሽማግሌው ቀራጭ ማሪየንበርግ በተባለው ምሽግ ታሰረ፤ ተገረፈ፤ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ከንብረቱ ከፊሉ ተወርሶ ተለቀቀ። እጁን ሰበሩት የሚል ወሬ በኋላ ተነዝቷል፤ የዘመኑ ሰነድ ግን ይህን አይልም። ለነገሩ ወሬውም አያስፈልግም፤ ከዚያ ወዲህ ታላቅ ሥራ አልታዘዘም። በ1531 ሞተ፤ ስሙም ለረጅም ዘመን ተረሳ። የመቃብር ድንጋዩ የተገኘው በ1822 ነው።

ያ የታሰረበት ምሽግ በኋላ የእሱ ሥራዎች በብዛት የተሰበሰቡበት ሙዚየም ሆነ። የጳጳሱን ስም ዛሬ የሚጠራው የታሪክ ተማሪ ብቻ ነው።

አንዳንዱ ወዳጃችን የሃይማኖት ኪነ ጥበብ ሁሉ የጌቶች ማስዋቢያ ነው ይላል። ያዘዙትና የከፈሉት ጌቶች መሆናቸው እውነት ነው። የጠረበው እጅ ግን የማን እንደ ነበር ሳይጠይቁ መፍረድ ችኮላ ነው። ይሁዳን ከመካከል ያቆመው እጅ፣ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ከረጢቱን አልጨበጠም።