ፖሊመርና የባትሪ ደኅንነት

ፖሊመር ጥቃቅን ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ ተሰካክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤቲሊንና የእህል ማዳበሪያ የሚሸመንበት ፖሊፕሮፒሊን ከወገኑ የታወቁት ናቸው። እነዚሁ ሁለቱ በስልክ፣ በላፕቶፕና በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ውስጥ እሳት እንዳይነሳ ይጠብቃሉ፤ የሚጠብቁትም በጥንካሬያቸው ብቻ ሳይሆን በመቅለጣቸው ነው። (ሌላ ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሊቲየም አዮን ባትሪ በውስጡ ሁለት ስስ ንጣፎች አሉት፤ አንዱ በመዳብ ላይ የተቀባ ግራፋይት፣ ሌላው በአሉሚኒየም ላይ የተቀባ የብረታ ብረት ኦክሳይድ። በመካከላቸው የሊቲየም ጨው የሟሟበት፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ አለ፤ ኤሌክትሮላይት ይባላል። ንጣፎቹ ከተነካኩ የአዲስ አበባ ሰው «ኮንታክት» የሚለው ይፈጠራል፤ ባትሪውም ይግላል። ሙቀቱ ከ80 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ግራፋይቱን የሸፈነው ስስ ቅርፊት መፍረስ ይጀምራል። መፍረሱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል፤ ያም ሙቀት እየከረረ ሄዶ ኦክሳይዱን ኦክስጅን ያስተፋዋል። ከዚያ በኋላ ባትሪው ለመንደድ የውጭ አየር አይጠብቅም፤ ብርድ ልብስ ቢደፉበትም የማይበርደው ለዚህ ነው።

ሁለቱን ንጣፎች የሚለየው ሴፓሬተር የተባለ ገለፈት ሲሆን ውፍረቱ ባብዛኛው ከ10 እስከ 25 ማይክሮሜትር ነው፤ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ በ1985 በሠራው ባትሪ የፖሊኤቲሊን ገለፈት ተጠቀመ። ሶኒ በ1991 የሊቲየም አዮን ባትሪን ለገበያ አቀረበ፤ ዮሺኖም በ2019 ከጆን ጉድኢናፍና ከስታንሊ ዊቲንግሃም ጋር የኬሚስትሪ ኖቤልን ተጋራ። ገለፈቱ አዮኖች የሚያልፉባቸው የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ፖሊኤቲሊን በ130 ዲግሪ አካባቢ ሲቀልጥ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ አዮኖቹ መንገድ ያጣሉ፤ ባትሪውም ሥራ ያቆማል። ፖሊፕሮፒሊን ግን እስከ 165 ዲግሪ ገደማ ስለሚቆይ አንዳንድ አምራቾች ፌስታሉን በሁለት ማዳበሪያ መካከል ያስቀምጡታል እንደማለት ነው፤ መሐሉ ቀልጦ ሲደፍን ዳርና ዳሩ ቅርጹን ይይዛል። ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ገለፈቱ ይኮማተርና ንጣፎቹ በሰፊው ይነካካሉ። ስለዚህ በብዙ ባትሪዎች ገለፈቱ በሴራሚክ ዱቄት ይቀባል።

ሁለተኛው ጠባቂ ፒቲሲ ይባላል። ባብዛኛው የካርቦን ብናኝ የተቀላቀለበት ፖሊመር ነው። ሲቀዘቅዝ ብናኞቹ ተያይዘው ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፤ ሲሞቅ ፖሊመሩ አብጦ ያራርቃቸዋል፣ ኤሌክትሪኩም ይደክማል። ሲበርድ ደግሞ መልሶ ይከፍታል። ይህ መልሶ መክፈቱ ምቹ ይመስላል፤ ኢትዮጵያን የሚመለከት አንድ የባትሪ እሳት ግን እዚህ ላይ ጥያቄ አስነስቷል።

ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. (ጁላይ 12 ቀን 2013) የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787፣ መለያው ኢቲ-ኤኦፒ፣ በለንደን ሂትሮው ባዶውን ቆሞ ሳለ ከበስተኋላው ጣሪያ እሳት ተነሳበት። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች በ2015 ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት ምንጩ የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው ባትሪ መሆኑን ገለጹ። ይህ የሊቲየም ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ባትሪ ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው። ገመዶቹ በባትሪው ክዳን ሥር ተጨፍልቀው ኮንታክት ሳይፈጥሩ አልቀሩም፤ ፒቲሲውም የታሰበለትን ያህል አልተከላከለም። መርማሪዎቹ መልሶ የመክፈት ጠባዩ በንድፉ ወቅት በሚገባ መታሰቡን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ከዚህ ይልቅ የሚገርመው ቀጣዩ ነው። የአውሮፕላኑ ገላ የካርቦን ጭረትን ያያዘ ሙጫ አለበት፤ እሱም ፖሊመር ነው። የባትሪው ጉልበት ካለቀም በኋላ ቀስ እያለ የሚነደውን እሳት የመገበው ይኸው ሙጫ ነበር። አውሮፕላኑ ተጠግኖ በ2013 መጨረሻ ወደ በረራ ተመለሰ።

ከዚያ እሳት ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በጃንዋሪ 2013፣ ቻርጅ የሚደረጉት የ787 ዋና ባትሪዎች በቦስተንና በጃፓን ችግር ፈጥረው አውሮፕላኖቹ በመላው ዓለም ከበረራ ታግደው ነበር። በባትሪው ውስጥ የተደረደሩት ሴሎች በተሻለ መከለያ ተለያይተው ባትሪው የብረት ሳጥን ውስጥ ሲገባና ጭሱ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቱቦ ሲሠራለት እገዳው ተነሳ። መንገደኛ ጭኖ በመጀመሪያ የተመለሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ ኤፕሪል 27 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በረረ።

በቤተ ሙከራ ያለው ሥራ መቅለጡንና ማበጡን ይበልጥ ለመግራት ይጥራል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዠናን ባኦና የዪ ኩይ ቡድኖች በ2016 እሾሃማ የኒኬል ቅንጣቶችን በግራፊን ሸፍነው ፖሊኤቲሊን ውስጥ በተኑ፤ በ70 ዲግሪ ገደማ ፖሊመሩ ሲለጠጥ ቅንጣቶቹ ተላቅቀው ባትሪው ወዲያው ይጠፋል፣ ሲበርድም ይነሳል። በ2017 ደግሞ የዪ ኩይ ቡድን የእሳት ማጥፊያ ኬሚካልን በፖሊመር ክር ውስጥ ሸሸገ፤ ክሩ በ150 ዲግሪ ገደማ ሲቀልጥ ኬሚካሉ ፈስሶ የኤሌክትሮላይቱን ነበልባል በ0.4 ሴኮንድ አጠፋ።

ፈሳሹን ጨርሶ በደረቅ ፖሊመር መተካት ሌላው መንገድ ነው። ፒተር ራይትና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ ከጨው ጋር ሲዋሐድ አዮን እንደሚያሳልፍ አሳዩ፤ ሚሼል አርማንም በዚያው አሥርት ዓመት ማብቂያ ለባትሪ እንዲውል ሐሳብ አቀረበ። ድክመቱ በክፍል ሙቀት መለገሙ ነው፤ ከ60 ዲግሪ በላይ መሞቅ ይፈልጋል። «ደረቅ ስለሆነ አይቃጠልም» የሚለው ወሬም ማጋነን ነው፤ በኤፕሪል 2022 እንዲህ ያለ ባትሪ የተገጠመላቸው ሁለት አውቶቡሶች ፓሪስ ውስጥ ነደው 149 አውቶቡሶች ለጊዜው ከመንገድ ወጥተዋል። ይኸው ፖሊመር እንደ ስስ ቅብ ሲያገለግል ግን ሌላ ጥቅም አለው። ታይዋን ውስጥ በቢንግ ጆ ሁዋንግ ቤተ ሙከራ አዲሱ አለማየሁ በቀዳሚ ጸሐፊነት በ2018 ያሳተመው ጥናት መዳቡን በፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ መቀባት ሊቲየሙ ተስተካክሎ እንዲያርፍ እንደሚረዳ አሳይቷል። ሳይስተካከል ያረፈ ሊቲየም እንደ እሾህ አድጎ ሴፓሬተሩን ይወጋል።

ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በአዲስ አበባ የሚሽከረከሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ብዙዎቹ ከቻይና የመጡ ሲሆኑ ኦክስጅኑን አጥብቆ በሚይዘው የሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚሠራ ባትሪ በውስጣቸው የተለመደ ነው፤ ሴፓሬተሩ ግን እዚያም ፖሊመር ነው። በየስልክ ጥገናው የሚታየው «ሊቲየም ፖሊመር» የሚል ጽሑፍም አያታልል፤ በአብዛኛው ውስጡ ፈሳሽ ወይም ጄል ነው፣ ከረጢቱ ደግሞ ናይለን፣ አሉሚኒየምና ፖሊፕሮፒሊን ተደራርበው የተለጠፉበት ነው። ኤሌክትሮላይቱ ፈርሶ ጋዝ ሲወልድ መውጫ ስለሌለው ከረጢቱ ይነፋል፤ «ባትሪው አበጠ» የሚባለው ይህ ነው። ያበጠውን በመርፌ ወግቶ ማስተንፈስ አደገኛ ነው፤ መርፌው ከረጢቱን አልፎ ያንን ከፀጉር የቀጠነ ገለፈት ይበሳዋል።