ማጠፊያውና መልክዓ ምድሩ

መሐንዲስ አንድን የጥበብ ሥራ ሲመለከት ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በመጋጠሚያው ላይ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የጃፓን ተጣጣፊ መከለያ ታሪክም ይህንኑ ልማዳችንን የሚያጸድቅ ነው።

መከለያው በጃፓንኛ ቢዮቡ ይባላል፤ ትርጉሙም የነፋስ መከላከያ ማለት ነው። ጥንተ መገኛው ቻይና ነው። በቀድሞው አሠራር እያንዳንዱ ሰሌዳ ለብቻው በሐር ጨርቅ ጠርዝ ተከብቦ ከጎረቤቱ ጋር በጠፍር ወይም በሐር ገመድ ይታሰር ነበር። በመሆኑም ስድስት ሰሌዳ የቀረበለት ሠዓሊ የነበረው ስድስት ጠባብ ገጽ እንጂ አንድ ሰፊ ሜዳ አልነበረም፤ ተራራውም ወንዙም በየጠርዙ ይቋረጥ ነበር።

በ14ኛው መቶ ዘመን ገደማ ግን የወረቀት ማጠፊያ ሥራ ላይ ዋለ። ቀላል የእንጨት ፍርግርግ በበርካታ የወረቀት ንጣፎች ይለበጣል። ከዚያም ጠንካራ የወረቀት ቁራጮች አንዱ ከፊት ወደ ኋላ፣ ቀጣዩ ከኋላ ወደ ፊት እየተላለፉ ሁለቱን ሰሌዳዎች ያያይዛሉ። ስለዚህ መጋጠሚያው ያለ አንዳች ብረት በሁለቱም አቅጣጫ ይታጠፋል፤ ክፍተቱም እጅግ ይጠባል። ጠርዙም ሰሌዳዎቹን በተናጠል መክበቡ ቀርቶ ሁሉንም በአንድነት የሚያቅፍ ሆነ።

ውጤቱን በሐሴጋዋ ቶሐኩ (1539–1610) ሥራ እናያለን። በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም የሚገኙት የጥድ ዛፎቹ የተሣሉት በጥቁር ቀለም ብቻ፣ እያንዳንዳቸው 1.57 ሜትር ቁመትና 3.56 ሜትር ወርድ ባላቸው ሁለት ባለ ስድስት ሰሌዳ መከለያዎች ላይ ነው። አብዛኛው ወረቀት ባዶ ነው፤ ባዶው ግን ጭጋግ ሆኖ ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ ይጓዛል። መከለያው እየታጠፈ ሲቆምም ዛፎቹ ከፊሎቹ ወደ ተመልካቹ ይቀርባሉ፣ ከፊሎቹ ይርቃሉ።

መጋጠሚያው ሲሳት የሚደርሰውን ጉዳት ደግሞ የካኖ ኤይቶኩ (1543–1590) እንደሆነ የሚታመነው የሂኖኪ ዛፍ ሥዕል ያስረዳል። ሥዕሉ በመጀመሪያ የተንሸራታች በሮች ሥዕል ነበር። ኋላ ባለ ስምንት ሰሌዳ መከለያ ሲደረግ ምስሉ በየመጋጠሚያው ተዛነፈ። ከ2012 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በተካሄደው እድሳት ግን ሁለት ባለ አራት ሰሌዳ መከለያ ሆኖ እንደገና ተዋቀረ።

መልክዓ ምድሩን የሣለው የሠዓሊው ብሩሽ ነው። ብሩሹ ሳይቋረጥ እስከ የት ሊሄድ እንደሚችል የወሰነው ግን ወረቀት አጣባቂው ባለሙያ ነበር። የሠዓሊው ማኅተም በሥዕሉ ጥግ ይታያል፤ የባለሙያው ፊርማ ግን ያ የማይታየው መጋጠሚያ ነው።