ታንኳ ስለ ምን አይሰጥምም

ብዙ ሰው «ቀላል ነገር ይንሳፈፋል፥ ከባድ ነገር ይሰጥማል» ብሎ ነገሩን ይጨርሰዋል። ነገር ግን አንዲት ምስማር ትሰጥማለች፤ የብረት መርከብ ደግሞ ሺህ ኩንታል ጭኖ ይሄዳል። ይህን ለማስረዳት ከአገራችን ታንኳ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

እኛ የውርጌሳ ልጆች ባሕር ባይኖረንም ሐይቅ ሩቅ አይደለም፤ በውጫሌ አልፎ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ ከየብስ ጋር ቢያያዝም ቀድሞ ደሴት ስለ ነበረ፥ ለትምህርት የሚመጣው ሁሉ ውሃ መሻገር ነበረበት።

የታንኳ ሥራ ይልቁን የታወቀው በጣና ነው። የጣና ታንኳ የደንገል ነዶ ተጠፍሮ የሚሠራ ሲሆን ውሃው በነዶው መካከል ይገባል፥ ይወጣል። የማይሰጥመውም የደንገሉ አገዳ በውስጡ ብዙ አየር ስለ ቋጠረ ነው። እየዋለ እያደረ ግን ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው አርኪሜዴስ፥ ውሃ የገባ ነገር ሁሉ ቦታ ባስለቀቀው ውሃ ክብደት ልክ ወደ ላይ እንደሚገፋ ጻፈ። እንግዲህ በታንኳ ላይ 1 ኩንታል እህል ቢጨመር፥ ታንኳው 100 ሊትር ውሃ እስኪያስለቅቅ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ብረት ከውሃ 8 እጥፍ ያህል ቢከብድም እንደ ገበቴ ሲጎደጉድ ብዙ ውሃ ስለሚያስለቅቅ ይንሳፈፋል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. በዘጌ ሳሉ፥ ያዩት ዶክተር ሄንሪ ብላንክ እንደ ጻፉት፥ ትልልቅ የደንገል ታንኳዎች አሠርተው የእንጨት ወለል አለበሱአቸው፤ በጎንና በጎናቸውም በእጅ የሚዞር መንኰራኵር አደረጉባቸው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኛ ግን አንስቅም። ንጉሠ ነገሥቱ የእንፋሎት ሞተርም የብረት ሠሌዳም አልነበራቸውም፤ በዚያው ዓመት የእጅ ባለሙያዎች እንዲላኩላቸው ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ነበር። እስከዚያው የመንሳፈፉን ጥበብ ከጣና ታንኳ ሠሪዎች፥ መንኰራኵሩን ከአውሮፓ መርከብ ወስደው አጋጠሙ። ደንገል ውሃ መጠጣቱን ግን መንኰራኵር አያስቀረውም።

ይኸው የጣና ደንገል በኋላ ውቅያኖስ ገባ። የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. ከጣና ባስመጣው ደንገል «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠርቶ ከሞሮኮ ተነሣ፤ ጀልባዋ ውሃ ጠጥታ ኋላዋ ስለ ዘቀጠ ከመድረሷ በፊት ተዋት። በዓመቱ «ራ 2» በ57 ቀን አትላንቲክን ተሻግራ ባርባዶስ ደረሰች።