የተቀዳው ምስል በማን እጅ ነው? ከ1936ቱ ጄኔቫ እስከ ሳሎናችን የኤች ዲ መቅረጫ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ተራ የቤት ዕቃ ጥያቄ ነው። በጄኔቫም ሆነ በዙሪክ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለክርስትናም ለለቅሶም ስንገናኝ፣ የአገር ቤት ፖለቲካ ተነሥቶ ከወደቀ በኋላ ወሬው ወደ ኑሮ ይዞራል። መሐንዲስ መሆኔን የሚያውቅ ሰው ካለ ደግሞ «ለዚህ ለኤች ዲ ቴሌቪዥን የትኛውን መቅረጫ ልግዛ?» ማለቱ አይቀርም። ጠያቂው የሚጠብቀው ስለ ጊጋባይትና ስለ ፍራንክ እንዳወራለት ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት መነሣት ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፤ የተቀዳው ነገር በማን እጅ ነው የሚቀመጠው? ይህ ጥያቄ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም፤ በእነዚሁ በሁለት ከተሞች የቆየ ታሪክ አለው።

ሌላው ሲቀዳን

ከዙሪክ ልነሣ። የአፄ ምኒልክ አማካሪ የነበረው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ ገባ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ ተመልሶ በ1916 ዙሪክ ውስጥ አረፈ፤ የፎቶግራፍ ስብስቡም በዚያው በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ የስዊሱ አብራሪ ቫልተር ሚተልሆልትሰር ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የሚደርስ የፎከር አውሮፕላን ይዞ ከዙሪክ አዲስ አበባ ሲበር ካሜራውን አልረሳም። ከጣሊያን ወረራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የነበረችውን ኢትዮጵያ ከሰማይም ከምድርም አነሣት። ፎቶግራፎቹ ዛሬ በኢቲኤች ቤተ መጻሕፍት የሥዕል መዝገብ ውስጥ ናቸው፤ ማንም ሰው ሳሎኑ ተቀምጦ በኮምፒውተር ሊያያቸው ይችላል። እዚህ ላይ ስዊሶቹን ለመውቀስ አይደለም። ባያስቀምጡልን ኖሮ የምናየውም አይኖርም ነበር። ግን ካሜራው ወዴት እንደሚዞር የመረጠው ያው ካሜራውን የያዘው ሰው ነው።

የጄኔቫው ታሪክ ከዚህ ይከብዳል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1936) አፄ ኃይለ ሥላሴ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያስቆሟቸው ሞከሩ፤ የሩማንያው ተወካይ ቲቱሌስኩ ተነሥቶ ረባሾቹ ይውጡ ብሎ ጮኸ፤ ፖሊስም አስወጣቸው። ይህን ሁሉ የምናውቀው ከጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ካሜራ ነበረ። የአፄውን ፊት፣ ጥቁር ካባቸውን፣ ድምፃቸውን እስከ ዛሬ ያቆዩልን የዜና ፊልም ኩባንያዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ረጅሙ ንግግር በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ በሲኒማ ቤት መርሐ ግብር ልክ ተቆርጦ ነው የቀረበው፤ የሚቆረጠውንም የወሰነው ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ያንን ምስል እንዳሻው ከቤቱ ሆኖ ለማየት ብዙ አሥርተ ዓመታት ጠብቋል፤ ብሪቲሽ ፓቴ 85,000 ያህል ፊልሞቹን በዩቲዩብ የለቀቀው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው።

በነገራችን ላይ፣ ወደ ጄኔቫ ዘመድ ሲመጣብን አብዛኞቻችን ወደ ፓሌ ደ ናስዮን ወስደን «ጃንሆይ የተናገሩት እዚህ ነው» እንላለን። የፓሌው ትልቁ የጉባኤ አዳራሽ ግን ሥራ የጀመረው በ1937 ነው። የ1936ቱ ጉባኤ የተካሄደው መሀል ከተማ በነበረው «ባቲማን ኤሌክቶራል» በተባለው ሕንፃ ነበር፤ እርሱም በ1964 ተቃጥሎ ዛሬ በቦታው የዩኒቨርሲቲው ዩኒ ዱፉር ቆሟል። ሕንፃው የለም፤ ፊልሙ ግን አለ። ፊልሙ ባይኖር ኖሮ ስለዚያ አዳራሽ መከራከሪያም አይኖረንም ነበር።

የተቀዳ ምስል በያዘው ሰው እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ካስፈለገ ሌላ ምሳሌ አለን። ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ያሳየበት ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የቀረበው በኦክቶበር 1973 ነበር። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ደርጉ በረሃቡ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ አስገብቶ፣ ቆርጦና ቀጥሎ አቀረበው፤ በማግሥቱም ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን የሰፋው እጅ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው። የዚያን ምሽት ተመልካች የመጀመሪያውን ቅጂ ከሁለተኛው ጋር የሚያስተያይበት መንገድ አልነበረውም፤ ምክንያቱም ቤቱ ውስጥ የሚቀዳበት ነገር የለም።

ካሴቱ በእጃችን በነበረ ጊዜ

ቪ ኤች ኤስ በ1976 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ያንን ነው የለወጠው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተራ ቤተሰብ የቴሌቪዥን ጣቢያውን ሳያስፈቅድ ምስል ቀድቶ መደርደሪያ ላይ ማኖር ቻለ። የእኛ ስደተኛ ትውልድ ከዚህ ቴክኖሎጂ ጋር የተዋደደው በከንቱ አይደለም። የአዲስ አበባው ሠርግ፣ የአባት ተዝካር፣ የቴዲ አፍሮ ኮንሰርት ሁሉ በካሴት ነበር የሚጓዘው።

ጣጣም ነበረው። ከዋሽንግተን የተላከ ካሴት እዚህ ሲገባ ምስሉ ይዘለላል ወይም ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ አሜሪካ በኤን ቲ ኤስ ሲ፣ ስዊስና ኢትዮጵያ ደግሞ በፓል ሥርዓት ስለሚሠሩ ነው። የጄኔቫ ሰው በዚህ ረገድ ከዙሪክ ሰው ይሻል ነበር። ድንበሩ ወዲያ የፈረንሳይ ጣቢያዎች በሴካም ስለሚያስተላልፉ፣ ጄኔቫ ውስጥ የሚሸጡ ቴሌቪዥኖችና ዴኮች ከአንድ በላይ ሥርዓት የሚያነቡ መሆናቸው የተለመደ ነበር። የድንበር ከተማ ዕቃ እንደ ድንበር ከተማ ሰው ብዙ ቋንቋ ያውቃል።

ለዙሪክ ግን ሌላ ጸጋ ደርሷታል፤ ሌትሲግሩንድ። ኦገስት 16 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በዚያ ስታዲየም 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ44.39 ሰከንድ ሮጠ። ሞሰስ ኪፕታኑይ በዚያው ዓመት ከእርሱ የነጠቀው ክብረ ወሰን 12:55.30 ነበር። ልዩነቱን አንባቢ ራሱ ያስላው፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ሊሞላ ምንም አልቀረውም! በዚህ ርቀት ክብረ ወሰን በሰከንድ ሽርፍራፊ ነው የሚሻሻለው፤ እንዲህ ያለ ዝላይ እጅግ ብርቅ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 13 ቀን 1997፣ እዚያው መም ላይ 12:41.86 ገባ። ያንን ክብረ ወሰን ዳንኤል ኮመን በዘጠነኛው ቀን ብራስልስ ላይ ሰበረው፤ እኛ ግን ካሴቱን አልጣልነውም።

ያን ምሽት ዴካቸውን በሰዓቱ የሞሉ ወገኖች ቤት ካሴቱ እየተዋሰ ዞሯል፤ እየዞረም እየተገለበጠ፣ እየተገለበጠም እየደበዘዘ። የቪ ኤች ኤስ ምስል ከመነሻው ወደ 240 መስመር ግድም ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሦስተኛው ግልባጭ ላይ ኃይሌን ከአሯሯጡ እንጂ ከፊቱ አትለየውም። ቢሆንም ካሴቱ የባለቤቱ ነበር። ማንም ከሩቅ ሆኖ ሊያጠፋው አይችልም።

ሣጥኑ ሲመጣ

አሮጌው ሌትሲግሩንድ ፈርሶ አዲሱ የተከፈተው በኦገስት 2007 መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 3 ቀን «ኤች ዲ ስዊስ» የተባለው የአገሪቱ የመጀመሪያ የሕዝብ ኤች ዲ ቻናል ሥርጭት ጀመረ። በፌብሩዋሪ 2012 የየቋንቋው ዋና ቻናሎች ራሳቸው ኤች ዲ ሆኑ። የመረጡት ሥርዓት 720 መስመር፣ በሰከንድ 50 ሙሉ ምስል ነው። ይህ ምርጫ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ጽሕፈት ቤቱ ጄኔቫ የሆነው የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት ቀደም ብሎ የመከረው ነው። 1080 ከ720 ይበልጣልና ለምን አነስተኛውን መረጡ የሚል ሰው አይጠፋም። በሥርጭት የሚመጣው 1080 በአብዛኛው መስመሮቹን ግማሽ ግማሹን እያፈራረቀ የሚልክ ነው፤ የቆመ ነገር ላይ ያምራል፣ የሚሮጥ እግር ላይ ግን ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። ለሯጭ አገር ሰው 50 ሙሉ ምስል ይሻለዋል።

የመጠኑን ነገር በአጭሩ ልጨርሰው። የኤች ዲ ሥርጭት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ያህል ቢሆን በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ይፈጃል፤ አንድ ቴራባይት ዲስክ ከ200 ሰዓት በላይ ይይዛል ማለት ነው። ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ሻጩ ስለ ዲስክ ስፋት ብዙ የሚያወራው መልሱ ቀላል ስለሆነ ነው።

ዋናው ነገር ቁልፉ ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ያለውን መቅረጫ በሦስት መንገድ ማየት ይቻላል። አንደኛው የኬብል ወይም የኢንተርኔት አቅራቢው የሚሰጠን ሣጥን ነው። ብዙውን ጊዜ የምንቀዳው በሣጥኑ ውስጥ ሳይሆን በአቅራቢው ኮምፒውተር ውስጥ፣ ክላውድ በሚሉት፣ ነው የሚቀመጠው፤ ውሉ ሲያበቃ ቅጂውም አብሮ ያበቃል። የሰባት ቀኑ ሪፕሌይማ ከመነሻውም ብድር ነው። አንድ የማውቀው ቤተሰብ ለዓመታት ያጠራቀመውን ቅጂ፣ አቅራቢ በለወጠ በወሩ አጥቶታል። ደውሎ ሲጠይቅ ያገኘው መልስ በትሕትና የተሞላ ነበር፤ ቅጂው ግን አልተመለሰም።

ሁለተኛው በቴሌቪዥኑ ጀርባ ዲስክ ሰክቶ መቅዳት ነው። ርካሽና ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይወደዋል። የማይነገረው ነገር ብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች ቅጂውን ለራሳቸው ብቻ በሚነበብ ሚስጥር ቆልፈው ማስቀመጣቸው ነው። ዲስኩን ነቅለህ ኮምፒውተር ላይ ብትሰካው ባዶ ይመስላል። ቴሌቪዥኑ ሲበላሽ ዲስኩ ደኅና ሆኖ ቅጂው ይሞታል።

ሦስተኛው የራሱ ቲዩነርና የራሱ ዲስክ ያለው፣ ቅጂውን እንደ ተራ ፋይል የሚያስቀምጥና በቤት ኔትወርክ ወደ ኮምፒውተር የሚያወጣ ሪሲቨር ነው። በእኛ ዘንድ ድሪምቦክስ በሚለው ስም የታወቀው ዓይነት ማለቴ ነው፤ ዛሬ ሌሎችም አሉ። አያያዙ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ የምመክረው ግን ይህንኑ ነው፣ ምልክቱ ራሱ ያልተቆለፈ እስከሆነ ድረስ። ይህ «እስከሆነ ድረስ» በሁለቱ ከተሞች ይለያያል። የስዊስ ጣቢያዎች የአንቴና ሥርጭት ጁን 3 ቀን 2019 ስለተዘጋ፣ ለእርሱ ተብሎ የተገዛ መቅረጫ ዙሪክ ውስጥ ሥራ ፈት ሆኗል። ዙሪክ ያለ ሰው ወደ 19.2 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ወደ አስትራ፣ ዲሽ ማዞር ከቻለ የጀርመኖቹን ኤ አር ዲና ሴት ዴ ኤፍ ያለ ካርድ በኤች ዲ ያገኛል፤ ትልልቅ የአትሌቲክስ ውድድሮችም ብዙውን ጊዜ እዚያ አይጠፉም። ጄኔቫ ያለው ደግሞ አሁንም በጎረቤት ይጠቀማል፤ የፈረንሳይ የአንቴና ሥርጭት ከ2016 ጀምሮ ኤች ዲ ሲሆን ድንበሩን ተሻግሮ ይገባል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ለሻጩ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፤ «ዛሬ የቀዳሁትን ነገ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማጫወት እችላለሁ?» መልሱ ከተንዛዛ ዕቃውን ተዉት።

«ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ምን መቅረጫ አስፈለገ?» የሚል ክርክር እሰማለሁ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2014 ማለዳ ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 በረዳት አብራሪው ተጠልፎ ጄኔቫ አረፈ። የስዊስ የጦር ጄቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ እንደማይነሡ ዓለም የሰማው ያን ቀን ነበር። የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ከማለዳ እስከ ማታ ስለ ኢትዮጵያ፣ ስለ አየር መንገዱ፣ ስለ ጥገኝነት ብዙ ተናገሩ። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የሚገኘው በጥቂት ደቂቃ የታጨቀው ቁራጭ ነው። ከዚያ ቀን ውስጥ ለታሪክ የሚፈለገው እኮ ቁራጩ ሳይሆን የስዊስ ጋዜጠኛ ገና ምንነቱ ሳይገባው ስለ እኛ ያለው ነው። ዩቲዩብም ቢሆን የሌላ ሰው ጓዳ ነው፤ ባለቤቱ ባሻው ቀን ያነሣዋል።

ሕጉን የሚፈሩም አሉ። በ1992 የወጣው የስዊስ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 19 ለራስ፣ ለቤተሰብና ለቅርብ ወዳጅ አገልግሎት ከሥርጭት መቅዳትን ይፈቅዳል። የማኅበረሰብ አዳራሽ ተከራይቶ ማሳየት ግን የግል አገልግሎት አይደለም፤ ፈቃድ ይጠይቃል።

የኃይሌን ሁለት ምሽቶች ወይም የቤተሰብ ሠርግ የያዘ ካሴት ጓዳችሁ ውስጥ ያለ ወገኖች ግን አዲሱን መቅረጫ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ካሴቱ ሂዱ። የመጨረሻው የዴክ አምራች ፉናይ ሥራውን ያቆመው በጁላይ 2016 ነው፤ የሚሠራ ዴክ ከዓመት ዓመት እየጠፋ፣ ቴፑም እየላላ ነው። ካሴቱን መጀመሪያ እስከ ጫፍ ወደፊት፣ ከዚያ ወደኋላ አጠንጥኑት። በድህረ ግልባጭ አትመኑ፤ ከባለቤቱ ፈልጋችሁ የመጀመሪያውን ቅጂ አግኙ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ኤን ቲ ኤስ ሲ የሚያነብ ዴክ ተዋሱ። ወደ ኮምፒውተር ስታስገቡትም ሁለት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱ ዲስክ ጄኔቫ ካለ ሌላው ዙሪክ ያለ ዘመድ ቤት ይሁን። ፋይሉ ላይ ቀኑን፣ ጣቢያውንና የቀዳውን ሰው ስም መጻፍም አይዘንጋ።