ስኳር በሽታ የሀብታም ብቻ ነው ያለው ማነው?

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ ግን ከአስኮ ወደ ፒያሳ በሚነሳ ታክሲ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ የሚመለከት ጉዳይ ሆኗል። እንዴት እዚህ ደረስን?

እ.ኤ.አ. በ1921 ባንቲንግ እና ቤስት ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊንን ሲያገኙ ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። በ1936 ግን እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሂምስዎርዝ አንድ ነገር አስተዋለ፤ አንዳንድ ታማሚዎች ኢንሱሊን ቢሰጣቸውም ስኳራቸው እምብዛም አይወርድም። ዓይነት ሁለት የምንለው ይሄ ነው።

በእኛ በኢንጂነሮች ቋንቋ፣ ቆሽትን እንደ ፓምፕ እዩት። ሴሎች ለኢንሱሊን ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሉት ፓምፑ ግፊቱን ይጨምራል። ለዓመታት እንዲህ እየታገለ ያቆየዋል፤ የደም ምርመራውም «ደህና ነው» ይላል። ስኳሩ የሚጨምረው ፓምፑ ሲደክም ነው። በሽታው ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ስለጀመረ ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ስኳር ላይ ነው። ስኳር ብቻውን ግን ታሪኩን አይጨርሰውም። በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤላውያን ውሰዱ። በ1988 የታተመ ጥናት በሽታው በወጣቶቻቸው ላይ ሳይቀር በብዛት መታየቱን ዘገበ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ዘር አይለወጥም እኮ! የተለወጠው ምግቡ፣ ሥራውና የሚራመዱት መንገድ ነው።

እዚሁ አገር ውስጥም ልዩነቱ ይታያል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ስኳር በሽታ ያለባቸው በጎንደር ከተማ ከመቶ 5.1፣ በዳባት ገጠር ደግሞ 2.1 ነበሩ። በሁለቱም ቦታ አብዛኞቹ መታመማቸውን አያውቁም ነበር። በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ መምህራንንና የባንክ ሠራተኞችን መርምሮ ከመቶ 6.5 አገኘ። ታዲያ መምህር ሀብታም ነው እንዴ?

አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ቁጥሮች የሚነግሩን በምርመራው ጊዜ ስንት ሰው በሽታው እንዳለበት ነው። በየዓመቱ ስንት ሰው አዲስ እንደሚያዝ ለማወቅ ያንኑ ሰው ለዓመታት መከታተል ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ገንዘብም ትዕግሥትም ይጠይቃል። ከእናንተ መካከል አንዱ ነገ ሊሠራው ይችላል።

እስከዚያው ድረስ ቤታችሁን እዩ። ዕድሜው የገፋ፣ ወገቡ የሰፋ፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ወይም ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ ስኳር ያለባቸው ሰው አለ? ሳይታመምም ቢሆን ይመርመር። ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበላ ቆይቶ ውጤቱ በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሐኪም ምርመራውን ደግሞ ያረጋግጣል። እናታችሁን ወይም አባታችሁን «ተመርምራችሁ ታውቃላችሁ?» ብላችሁ ዛሬ ማታ ጠይቁ።