83ኛ ደረጃ የማይናገረው፦ ስኪ፣ ሴንሰርና የአንኮበር ዳገት

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2006 በጣሊያኗ ፕራጄላቶ በተካሄደው የቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ የ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ስኪ ውድድር ሮቤል ተክለማርያም 83ኛ ሆኖ ገባ። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በክረምት ኦሊምፒክ ሲውለበለብ ያ የመጀመሪያው ነበር። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የተሻገረው፣ ሌክ ፕላሲድ ውስጥ ስኪ የለመደው ሮቤል፣ ከአራት ዓመት በኋላ ቫንኩቨር ላይ በዚያው ርቀት በፍሪስታይል ተወዳድሮ 93ኛ ወጣ። አዲስ አበባ ሲመጣ አስፋልት ላይ በሮለር ስኪ ይለማመድ ነበር፤ መንገደኛው ቆሞ ቢያየው አይገርምም። የውጤት ሰሌዳው የያዘው ግን ሰዓቱንና ደረጃውን ነው። ዳገት ላይ ትንፋሽ አጥሮት ይሁን ሜዳ ላይ ቴክኒክ ጎድሎት፣ ከዚያ ሰሌዳ ማወቅ አይቻልም።

ለትራክ ሯጭ ሰዓት ራሱ በቂ መለኪያ ነው፤ 400 ሜትር የትም ቢሮጥ 400 ሜትር ነው። የረጅም ርቀት ስኪ ግን ሌላ ነው። የውድድሩ መስመር በግምት አንድ ሦስተኛው ዳገት፣ አንድ ሦስተኛው ቁልቁለት፣ የቀረው ወጣ ገባ ሜዳ ነው። ተወዳዳሪው ከጊዜው ከግማሽ በላይ የሚያጠፋው ዳገቱ ላይ ሲሆን፣ በሯጮቹ መካከል ያለው ልዩነትም በአብዛኛው የሚሰፋው እዚያው ነው። በዚህ ላይ በረዶው በአንድ ቀን ውስጥ ይለዋወጣል፤ ስኪው ሥር የሚቀባው ሰም ሲስማማና ሳይስማማ ፍጥነቱም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም።

ሰውነት ላይ የሚታሰሩ ሴንሰሮች ቦታ ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ደረት ላይ የሚታሰረው መሣሪያ የክብሪት ቀፎ ያህላል። በውስጡ የፍጥነት ለውጥን የሚለካ አክስለሮሜትርና መሽከርከርን የሚለካ ጋይሮስኮፕ አለ። አክስለሮሜትሩ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ያነባል፤ የምድርን ስበት ከእንቅስቃሴ ለይቶ አያውቅምና። የጋይሮስኮፑ ችግር ደግሞ ሌላ ነው፦ ጥቃቅን ስህተቱ እየተደመረ ይሄዳል፤ ሳይታረም ከቆየ ቀጥ ብሎ የቆመውን ሰው ያዘመመ አድርጎ ያሳያል። ሁለቱ እየተራረሙ ሲሠሩ ግን ስኪ ሯጩ እጅና እግሩን እያፈራረቀ መግፋቱን፣ ሁለቱንም ምርኩዝ በአንድ ጊዜ መውጋቱን፣ ቁልቁለት ላይ ማጎንበሱን ይለያሉ። የሳተላይት መቀበያ ሲጨመር የትኛው ስልት በየትኛው ዳገት ላይ እንደዋለ ይታወቃል። በኖርዌይና በስዊድን ያሉ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ ብዙ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ የኦሊምፒኩ ሰዓት መዝጋቢ ኦሜጋ የእንቅስቃሴ ሴንሰር በተወዳዳሪዎች ላይ አውሏል። ቫንኩቨር ላይ ለተወዳደረው ሮቤል ስምንት ዓመት የዘገየ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ በአመዛኙ የአውሮፓን አየር ለምደው የተሠሩ ናቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ አካባቢ ነው። የስፖርተኛ የእጅ ሰዓት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከፍታን የሚያሰላው በዚህ ግፊት ነው። በዚህ ላይ በምድር ወገብ አካባቢ ግፊቱ በየቀኑ ይዋዥቃል፦ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ይጨምራል፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ይቀንሳል። ልዩነቱ ሁለት ሄክቶፓስካል ቢሆን ደብረ ብርሃን ላይ ከሃያ ሜትር በላይ ያወጣል። መደርደሪያ ላይ የዋለ ሰዓት ዳገት የወጣ ይመስላል ማለት ነው። ኦስሎ ውስጥ ይህ የዕለት መዋዠቅ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ይህን ለመፈተን አሊዩ አምባን የሚያህል ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ከአንኮበር ሥር፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ የተቀመጠችው ይህች ጥንታዊ የገበያ ከተማ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ሸክማቸውን የሚያራግፉባት፣ አርጎባዎች የኖሩባት ነበረች። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 የተቀመጠው እዚያ ነው። ከእሷ ወደ አንኮበር የሚወጣ ሰው ምን ያህል ጉልበት እንደሚያወጣ ዛሬ በግምት መናገር ይቻላል። አልቤርቶ ሚኔቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ሜዳ ላይ መሮጥ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት በሜትር 3.4 ጁል ገደማ ይፈጃል፤ 45 በመቶ ተዳፋት ወደ ላይ ሲሆን 18.9 ይደርሳል፤ 20 በመቶ ቁልቁል ሲሆን ወደ 1.7 ይወርዳል። ፍጥነትን ብቻ የሚያይ አሠልጣኝ ወደ አንኮበር የሚወጣውን ሰነፍ፣ ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደውን ጎበዝ ይለዋል።

ከፍታው ብቻ ሳይሆን ሰውየውም ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢያል ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። የሂሞግሎቢናቸው መጠንም በባሕር ወለል አካባቢ ከሚኖር ሰው ብዙም አልራቀም። የአንዲስና የቲቤት ነዋሪዎች እንዲህ አይደሉም። ታዲያ ስለ «ከፍታ ልምምድ» የሚመክር ሰዓት የተዘጋጀው ከቆላ ለሚወጣ እንግዳ ሰውነት ከሆነ፣ ለደብረ ብርሃን ልጅ ምን ይመክራል?

እዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ አለ። ሙሌቱ የሚለካው በብርሃን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ደግሞ የጣት ላይ መለኪያ የጥቁር ሕመምተኞችን የኦክስጅን እጥረት ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ አዘውትሮ እንደሚስት አሳይቷል። የቢያል የሂሞግሎቢን ግኝት ግን በዚህ አይነካም፤ የተለካው ከደም ነውና። የእጅ ሰዓት ላይ የልብ ምትን የሚለካው አረንጓዴ ብርሃን ግን የበለጠ ይጠረጠራል፤ እጅ ሲወዛወዝ ይሳሳታል፣ ብርድ ቆዳ ውስጥ ያለውን የደም ዝውውር ሲቀንሰው ደግሞ ይደናገራል። አንኮበር በማለዳ ሁለቱንም ታሟላለች። ለልብ ምት የደረት ቀበቶ ይሻላል።

ሴንሰር ሲማር ምን እንደሚችል የታየው በቁልቁለት ስኪ ነው። ከልብስ ሥር የሚለበሰው ኤርባግ ተወዳዳሪው ሊወድቅ መሆኑን በአክስለሮሜትርና በጋይሮስኮፕ አውቆ፣ ሰውየው መሬት ከመንካቱ በፊት ይነፋል። የዓለም ስኪ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ በፈጣኖቹ ውድድሮች ግዴታ አድርጎታል። እዚህ የተደረሰው ብዙ እውነተኛ ውድቀትና ብዙ ያልተወደቀበት ሩጫ ተመዝግቦ መሣሪያው ልዩነታቸውን እንዲያውቅ ከተደረገ በኋላ ነው።

ለአንኮበር ዳገት እንዲህ ያለ መዝገብ ማዘጋጀት ውድ አይደለም። ከፍታቸው በቀያሽ የተለካ ጥቂት ምልክቶች በመንገዱ ዳር ይተከላሉ፤ ያው ሰው ያንኑ መሣሪያ ታጥቆ በጠዋት አራት ሰዓትና በአሥር ሰዓት፣ በበጋና በክረምት ጉም፣ በእግርም በሮለር ስኪም ይመላለሳል። የአትሌት ተራ የሚደርሰው ሰዓቱ ምልክቶቹን በትክክል ማንበቡ ሲረጋገጥ ነው።