የማርሽ አቀያየር እና የነዳጅ ፍጆታ፦ ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ መውረድ ይቆጥባልን?

ኢትዮጵያ ለተሽከርካሪ የምትጠቀምበትን ቤንዚን እና ናፍጣ ከውጭ ሀገር በውጭ ምንዛሪ እየገዛች ታስገባለች። የነዳጅ ዋጋ ሲንር ጫናው በማደያ ደጃፍ አይቀርም፤ ወደ ገበያ በሚጓዘው ጤፍ እና ሽንኩርት፣ በማዳበሪያ ማጓጓዣ እና በታክሲ ታሪፍ ላይ ይታያል። ዋጋውን አሽከርካሪው አይወስነውም። ተሽከርካሪው በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ ግን በአነዳዱም ይወሰናል። በእጅ ማርሽ በሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ደግሞ ማርሽ የሚቀየርበትን ጊዜ ማወቅ ትልቅ ቦታ አለው።

ማርሽ ከነዳጅ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በሞተሩ እና በጎማው መካከል ያለው ካምቢዮ ጉልበትን እና ፍጥነትን ያመጣጥናል። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ብዙ ዙር ዞሮ ጎማውን ጥቂት ያዞረዋል፤ ጉልበት ይበዛል፣ ፍጥነት ያንሳል። በአምስተኛ ማርሽ ነገሩ ይገለበጣል። ለአብነት አንድ አነስተኛ የቤንዚን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 3 ሺህ ገደማ ዙር ይዞራል። በአምስተኛ ማርሽ ግን ዙሩ ወደ 2 ሺህ ገደማ ይወርዳል። መንገዱም ፍጥነቱም አንድ ሆኖ ሳለ በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ በየደቂቃው 1 ሺህ ያህል ትርፍ ዙር ይዞራል ማለት ነው።

እያንዳንዱ ዙር ነዳጅ ያስወጣል። ፒስተኖቹ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይፋተጋሉ፤ የቤንዚን ሞተር ደግሞ አየር ማስገቢያው ጠቦ ሲሠራ አየር ለመሳብ ብቻ ጉልበት ያባክናል። ስለዚህ ሞተር ነዳጁን በተሻለ መንገድ ወደ ሥራ የሚለውጠው በዝቅተኛ ዙር በቂ ሥራ ሲሰጠው ነው።

መቼ ይቀየር?

በሜዳማ መንገድ ላይ የቤንዚን መኪና ከ2 ሺህ እስከ 2 ሺህ 500 ዙር፣ የናፍጣ መኪና ደግሞ ከ1 ሺህ 500 እስከ 2 ሺህ ዙር ሲደርስ ወደሚቀጥለው ማርሽ ማለፍ ይመከራል። ዙር ቆጣሪ የሌለው መኪና የሚያሽከረክር በጆሮው ይመራ፤ ሞተሩ መጮኽ ሳይጀምር ይቀይር። አንደኛ ማርሽ ከቆሙበት ለመነሣት እንጂ ለመጓዝ አይደለም።

ይሁን እንጂ ማርሽ ያለ ጊዜው ከፍ ማድረግም ጉዳት አለው። መኪናው ከተንቀጠቀጠ፣ ሞተሩ ካንኳኳ፣ ነዳጅ መስጫው ተረግጦም ፍጥነት ካልጨመረ፣ ወይም የናፍጣ ሞተር ጥቁር ጭስ ከተፋ ማርሹ ከአቅም በላይ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ማርሽ መቀነስ ነዳጅንም ሞተርንም ያድናል።

የደጋው አየር

በከፍታ ቦታ አየር ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1 ሺህ ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጣርማ በር ላይ የሚወጣ መኪና በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ጉልበት ከሩብ በላይ ጎድሎበታል። ስለሆነም በደጋ፣ በተለይም ጭነት ሲኖር፣ ማርሽ ከመጨመር በፊት ሞተሩን ትንሽ ከፍ ወዳለ ዙር ማድረስ ተገቢ ነው። ዳገት ሲመጣም ሞተሩ ከመዛሉ በፊት ማርሹን አስቀድሞ መቀነስ ይገባል። መኪናው ከደከመ በኋላ መቀየር ፍጥነትን ያሳጣል፤ ያንን ፍጥነት ለመመለስም ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል።

ቁልቁለት እና ዜሮ ማርሽ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ተሽከርካሪ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በእንዲህ ዓይነት መንገድ ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሽን ዜሮ ማድረግ ስሕተት ነው። ዜሮ ማርሽ ላይ ያለ ሞተር እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሣ ግን ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ኢንጀክተር ያላቸው የቤንዚን ሞተሮች እና የናፍጣ ሞተሮች በዚህ ጊዜ ነዳጁን ያቋርጣሉ። ነዳጁ የሚመለሰው ዙሩ ወደ ዝቅተኛው ሲቃረብ ነው። ካርቡሬተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ነዳጁ ሙሉ በሙሉ አይቋረጥም።

ከነዳጁ በላይ የሚያሳስበው ግን የሰው ሕይወት ነው። በዜሮ ማርሽ የሚወርድን መኪና የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬን ለረጅም ጊዜ ሲያዝ ይግላል፤ ሸራው ሲግል ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ጭነት የያዘ መኪና ወይም ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ ከዚያ በኋላ ወደ ማርሽ ለመመለስ ቢሞክር ፍጥነቱ ላያስገባለት ይችላል። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፤ ፍሬን እና መሪ ከሞተሩ የሚያገኙትን እገዛ ያጣሉ። ነባሩ ደንብ ቀላል ነው፦ ቁልቁለቱን፣ ያንኑ መንገድ ሽቅብ ለመውጣት በሚያስፈልገው ማርሽ ወይም ከዚያ ባነሰ መውረድ። ማርሹም የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ፍሪሲዮንን መጠበቅ

ማርሽ በማይቀየርበት ጊዜ እግርን ፍሪሲዮን ላይ ማሳረፍ፣ እንዲሁም ዳገት ላይ መኪናን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ ማቆየት የሞተሩን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሸራውንም ይበላል። ዳገት ላይ ሲቆሙ የእጅ ፍሬን መጠቀም ይገባል።

ለውጡን እንዴት እንለካለን?

ታንከሩን ሞልተው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይመዝግቡ። ከተጓዙ በኋላ እንደገና እስኪሞላ ቀድተው የገባውን ሊትር ይያዙ፤ የተጓዙትን ኪሎ ሜትርም ለሊትሩ ያካፍሉ። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 40 ሊትር የወሰደ መኪና በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ይህንኑ በተመሳሳይ መንገድ እና ጭነት፣ አንዴ በቀድሞው አነዳድ፣ አንዴ በተስተካከለው ማርሽ አቀያየር መለካት የእያንዳንዱን መኪና ትክክለኛ ልዩነት ያሳያል።